የተመልካች ዕዳ

ያገራችን ሰው ለመንገዱ ምክንያት አያጣም። ለለቅሶ ይሄዳል፤ ለሠርግ ይሄዳል፤ ለገበያ፣ ለችሎት ቀጠሮ፣ ለጠበል፣ ለንግሥ፣ ለዚያራ ይሄዳል። ክፉ ቀን ሲመጣ ደግሞ ልጁን አዝሎ ይሰደዳል። እነዚህ ሁሉ “ወዴት ነው?” ብሎ ለሚጠይቅ ሰው ቀጥተኛ መልስ ይሆናሉ። “እንዲሁ አገር ለማየት” የሚለው መልስ ግን በብዙ የገጠር መንደር እንደ መልስ አይቆጠርም። ጠያቂው ራሱን ነቅነቅ አድርጎ ዝም ይላል፤ ዋናው ጉዳይ ገና የሚነገረው ይመስለዋልና። “ሽርሽር” የሚለው ቃል ራሱ ከከተማ የወጣ፣ ቀለል ያለ፣ ሥራ ፈትነት የሚሸት ቃል ነው።

ይህን የምጽፈው ሽርሽርን ለመንቀፍ አይደለም። ሽርሽር እወዳለሁ፤ ባለቤቴ ደግሞ ከእኔ የባሰች ናት። ጥያቄዬ ሌላ ነው። ሰው በሌላው ሰው አገር፣ በሌላው ሰው ማሳና ድካም ላይ ዓይኑን ለደስታው ሲል ሲያሳርፍ የሚገባበት ዕዳ አለ ወይስ የለም? ማየት እንደ ጠዋት ፀሐይ ለሁሉም በነጻ የተሰጠ ነው ወይስ እንደ ውኃ ጉድጓድ ባለቤት አለው?

ጠዋት ፀሐይን ካነሣሁ አይቀር፣ የኢትዮጵያ ቱሪዝም አባት የሚባሉት ሀብተ ሥላሴ ታፈሰ ለዓለም ያስተዋወቁት መፈክር በእንግሊዝኛው “አሥራ ሦስት ወር ሙሉ ፀሐይ” የሚል ነበር። በአማርኛ ሲመለስ “የአሥራ ሦስት ወር ጸጋ” ተባለ፤ በ2008 ዓ.ም. “ምድረ ቀደምት” የሚለው እስኪተካው ድረስም ግማሽ ምዕተ ዓመት ያህል አገልግሏል። ብልህ መፈክር ነው። በበረዶ አገር ለሚኖር ሰው ከዚህ የበለጠ ማባበያ የለም። ነገር ግን ዓይኑን ወደ ሰማይ አንሥቶ ደመና ለሚጠብቅ የወሎ ገበሬ አሥራ ሦስት ወር ሙሉ ፀሐይ ማለት ምን ማለት እንደሆነ አንባቢዬ ይገምተው። በአማርኛው “ፀሐይ” የነበረው “ጸጋ” ሆኖ መገኘቱ አንድ ሰው ይህንን አስቦበት ይሆን ያሰኛል። ያም ሆነ ይህ፣ አንዱን ፀሐይ ተመልካቹና ባለ አገሩ በሁለት ስም እንደሚጠሩት ያሳየናል።

በጥቅምት 2011 ዓ.ም. እኔና ባለቤቴ አሮጌዋን ዲኤክሳችንን አስፈትሸን በደብረ ብርሃን በኩል ወደ ሰሜን ወጣን። የአገር አቋራጭ አውቶብስ በአንድ ቀን የሚጨርሰውን መንገድ እኛ አራት ቀን ፈጀንበት። ደንባችን አንድ ብቻ ነበር፤ ከሁለታችን አንዱ “እዚህ ይቁም” ካለ መሪውን የያዘው ያቆማል፤ ምክንያት አይጠየቅም። ጣርማ በር ላይ ጉም ውስጥ ቆመን ሻይ ጠጣን። ጣሊያን የቆፈረውን ዋሻ አልፈን ደብረ ሲና ላይ ቆሎ ገዛን፤ ሸዋ ሮቢት ሳንደርስ ሹራባችን ወለቀ። አባ ኢየሱስ ሞዓ በ13ኛው ክፍለ ዘመን ያስፋፉት የሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም ሴት አያስገባምና እኔ ገዳሙን ስጎበኝ እሷ ከዳር ተቀምጣ ሐይቁን ስታይ ዋለች፤ ማታ ስንጨዋወት ከእኔ ይልቅ ብዙ ያየችው እሷ ሆና ተገኘች። በ1881 ዓ.ም. ለዓድዋ ጦርነት ያበቃን ውል የተፈረመበት ውጫሌ ላይ ማኪያቶ ጠጥተን ስለ አንቀጽ 17 አንዲት ቃል ሳንተነፍስ አለፍን። ታሪክ በበዛበት አገር ሁሉንም እያነሡ መንገድ አይገፋም።

በአራተኛው ቀን ረፋድ ላይ ሲሪንቃ ደረስን።

ሲሪንቃ በሀብሩ ወረዳ፣ በመርሳና በወልድያ መካከል፣ ከአዲስ አበባ 508 ኪሎ ሜትር ርቃ ትገኛለች። ከባሕር ወለል በላይ ከፍታዋ 1850 ሜትር ገደማ ነው። መንገደኛው የሚያውቃት በግብርና ምርምር ማዕከሉ ታፔላ ነው፤ ታፔላውን አንብቦ ወደ ወልድያ ያልፋል። ምሳ ወልድያ ነዋ። እኛን ያስቆመን ማሽላው ነው። በጥቅምት የሲሪንቃ ማሽላ ራሱን አውጥቶ፣ አንዱ ነጭ አንዱ ቀይ ሆኖ፣ ከሰው ቁመት በላይ ቆሟል። ማማ ላይ የወጡ ልጆች ወንጭፍ እያጮሁ ወፍ ያባርራሉ። መንገድ ዳር አንድ ልጅ ጥንቅሽ ከምሮ ይሸጣል። ጥንቅሽ ገዝተን እየመጠጥን ወደ ማሳው ዳር ስንጠጋ ባለቤቴ ከማሽላው እግር ሥር የበቀለ ሐምራዊ አበባ አየች። አንድ ሁለት አይደለም፤ ማሳው ውስጥ በየቦታው ምንጣፍ እንደተነጠፈ ሆኖ ይታያል። በስልኳ ፎቶ ማንሣት ጀመረች።

የማሳው ባለቤት፣ ስድሳ ዓመት የሚሆናቸው ሰው፣ ከማዶ አይተውን መጡ። ሰላምታው እንደ ወሎ ሰላምታ ረዥም ነበር። ከዚያ ጥያቄው ቀጠለ።

“ከምርምሩ ናችሁ?”

“አይደለንም፣ አባቴ።”

“ከእርዳታው?”

“ከእርዳታውም አይደለንም።”

“እንግዲያ ለቅሶ አላችሁ?”

“ደህና ነን፤ እንዲሁ አገር ለማየት ነው የመጣነው።”

ራሳቸውን ነቅነቅ አድርገው ዝም አሉ። ጥቂት ቆይተው፣ “ካያችሁማ ግቡና እዩ፤ ካስፋልቱ ላይ ሁሉም ማሽላ ለምለም ነው” አሉን።

ገባን። ባለቤቴ “አባቴ፣ ይቺ አበባ ምን ትባላለች?” ብላ ጠየቀች።

ሳቁ። “እሷማ አቀንጭራ ናት፣ ልጄ። አንቺ አበባዋን ታያለሽ፤ እኔ ከሥር የጠጣችውን አያለሁ።”

አቀንጭራን ለማያውቅ የከተማ ሰው ጥቂት ልበል። የማሽላ ሥር ሲያድግ የሚያወጣውን ቅመም ጠብቃ አፈር ውስጥ ተኝታ የቆየች ዘር ትነቃለች፤ ሥሩን ትጣበቃለች፤ ውኃውንና ምግቡን ትመጣለች። ጉዳቷን አብዛኛውን የምታደርሰው ገና መሬት ሳትፈነቅል ነው። አበባዋ ሲታይ ነገሩ ካለፈ በኋላ ነው። አንዲቷ ተክል በአሥር ሺህ የሚቆጠር ዘር ትበትናለች፤ ዘሩ ከትቢያ የደቀቀ ስለሆነ በነፋስም በጎርፍም ይሄዳል፤ አፈር ውስጥም አሥር ዓመትና ከዚያ በላይ ሳይሞት ይቆያል። እዚያው ሲሪንቃ ያለው ማዕከል ከሚደክምባቸው ነገሮች አንዱ ይህ ነው። አቀንጭራን የሚቋቋም ማሽላ በማውጣታቸው እ.አ.አ. በ2009 የዓለም የምግብ ሽልማትን የተቀበሉት ፕሮፌሰር ገቢሳ እጀታ ካበረከቷቸው ዝርያዎች ሁለቱ በአገራችን “ጎቢዬ” እና “አብሽር” ተብለዋል። ጎቢዬ ከወልድያ ወደ ቆቦ ሲሄዱ የምትገኝ ከተማ ናት፤ አብሽር ደግሞ ወሎዬ የተከፋን ሰው የሚያጽናናበት ቃል ነው። ለዘር የተሰጠ እንዲህ ያለ ስም ሌላ ቦታ መኖሩን እጠራጠራለሁ። ሽማግሌው ግን በስሙ አልተደለሉም። “እህሉስ ይሰጣል፤ አገዳው አጭር ነው። ከብቱ ምን ይብላ? ምኑስ ይነደድ?” አሉን።

ባለቤቴ ፎቶዎቹን አልደመሰሰቻቸውም። ወደ መኪናው ስንመለስ፣ “አበባው እኮ አልዋሸንም፤ ቆንጆ ነኝ አለ፣ ቆንጆ ነው” አለችኝ።

ይህ አባባሏ ከከተማው እምብዛም ሳይርቅ ኖሮ የሞተውን የጀርመን ፈላስፋ ካንትን አስታወሰኝ። እ.አ.አ. በ1790 ባሳተመው መጽሐፍ ውስጥ ስለ አንድ ቤተ መንግሥት ያነሣል። ይህ ሕንፃ ያምራል ወይ ተብሎ የተጠየቀ ሰው፣ ታላላቆቹ የድሃውን ላብ በከንቱ ያፈሰሱበት ነው ብሎ ሊራገም ይችላል፤ ርግማኑም እውነት ሊሆን ይችላል፤ የተጠየቀው ግን እሱን አልነበረም ይላል ካንት። የውበት ፍርድ ጥቅምም ጉዳትም የሌለበት ንጹሕ ደስታ ነው፤ ያ ነገር ይኑርልኝ ወይም ይጥፋልኝ የሚል ሐሳብ አይገባበትም። እንግዲህ እንደ ካንት ከሆነ ባለቤቴ ትክክል ናት። የአቀንጭራ አበባ ያምራል፤ ማሽላውን መግደሉ ሌላ መዝገብ ነው።

ሆኖም ከዚህ ሁለት መዝገብ አያያዝ ጋር መስማማት አቃተኝ። ጥቅምና ጉዳት የሌለበት ደስታ ማን ነው የሚደርሰው? እንጀራው ከዚያ ማሳ የማይመጣ ሰው ነው። አዲስ አበባ ተመልሶ ከባልትና ቤት ዱቄት የሚገዛ፣ እንደ እኔና እንደሷ ያለ። ንጽሕናው የመጣው ከዓይናችን ጥራት ሳይሆን ከኪሳችን ነው።

እዚህ ላይ ብቆም ደስ ባለኝ፤ ክርክሩ ለእኔ ይሆን ነበርና። ሽማግሌው ግን አላቆሙኝም። ማሳውን ሲያዞሩን አንድ ጥግ ላይ ቆመው፣ ራሱ ደም የመሰለ ቀይ ማሽላ በእጃቸው ዘንበል አድርገው፣ “እስቲ ይቺን እይዋት፤ ሙሽራ አትመስልም?” ብለውን ነበር። በፊታቸው ላይ የነበረው ደስታ ከባለቤቴ ደስታ አንዳች አያንስም። ያቺ ማሽላ ስንት ኩንታል እንደምትሆን፣ ስንት ዕዳ እንደምትከፍል ያውቃሉ፤ ከእግሯ ሥር አቀንጭራ እንዳለም ያውቃሉ፤ ቢሆንም ታምራቸዋለች። ስለዚህ ውበትን ለማየት ሆድን መርሳት ያስፈልጋል የሚለው ነገር፣ የካንትም ሆነ የእኔ፣ እሳቸው ዘንድ አይሠራም። እኛ አንዱን አይተን ስለ ሌላው የሚነገረን ሰዎች ነን፤ እሳቸው ሁለቱን በአንድ ዓይን ያያሉ።

ዋናው ጥላችን የተነሣው ማታ፣ ወልድያ፣ እራት ላይ ነው። ያለንበት ወር ጥቅምት ነበር። በጥቅምት 1966 ዓ.ም. እንግሊዛዊው ጋዜጠኛ ጆናታን ዲምብልቢ የወሎን ረሃብ ለዓለም ያሳየበት ፊልም ተላለፈ፤ ልክ 45 ዓመት ሆኖታል ብዬ ጀመርኩ። ቀጥዬም በዚያ ዘመን ይኸው የመጣንበት አውራ ጎዳና ዳርና ዳሩን በተራበ ሰው ተሞልቶ፣ አውቶብስና መኪና እያስቆመ ይለምን እንደነበር አነሣሁ።

ባለቤቴ ሹካዋን አስቀመጠች። እናቷ የተሁለደሬ ልጅ ናቸው። “እናቴ” አለችኝ፣ “አዲስ አበባ ስትመጣ አገሯን ሲጠይቋት ወሎ ማለት ፈርታ ደሴ ትል ነበር። ወሎ ካለች ሰው ፊቱን አዝኖ ያያታላ። ማሽላ አሳዩህ፣ ሙሽራ አሉህ፤ አንተ ግን እዚያ ማሳ ላይ ቆመህ የምታየው የሞተ ሰው ነው። ሐዘንህን በሰው ማሳ ላይ አትዝራ።”

ከባድ ቃል ነው። ሳስበውም ትክክለኛ ቃል ነው፤ ግን ሙሉ አይመስለኝም። በልምላሜው ብቻ ተደስቶ የሚያልፍ ሰውና ወሎ ሲባል ረሃብ ብቻ የሚታየው ሰው ወንድማማቾች መሆናቸውን እቀበላለሁ፤ ሁለቱም ከፊታቸው የቆመውን ገበሬ አላዩትም። ረሃቡን መርሳት ግን መድኃኒቱ አይደለም፤ ምክንያቱም የዚያ ረሃብ ነገር ከመንገዱ ጋር የተሳሰረ ነው።

አማርትያ ሴን እ.አ.አ. በ1981 ስለ ድህነትና ረሃብ ባሳተመው መጽሐፍ አንድ ምዕራፍ ለወሎ ሰጥቷል። የሚለው ባጭሩ ይህ ነው። በ1965 ዓ.ም. በወሎ ምርት ወድቋል፤ በአገር አቀፍ ደረጃ ግን ያን ያህል የጎደለ እህል አልነበረም። በደሴ ገበያ የእህል ዋጋ ብዙም ሳይወደድ ሰው በረሃብ ይሞት ነበር፤ ከወሎም እህል ወደ ውጭ ይወጣ ነበር። ሰዉ የራበው እህል አገር ውስጥ ስለጠፋ ሳይሆን የሚገዛበት ስላጣ ነው። ሴን እ.አ.አ. በ1998 የኖቤል ሽልማት ተቀብሏል፤ በወሎው መደምደሚያ ግን ሁሉም ምሁራን አልተስማሙም። ለእኔ የከበደኝ የምሁራኑ ሙግት ሳይሆን ሥዕሉ ነው። አንድ አስፋልት አለ፤ በላዩ እህል የጫነ መኪና ያልፋል፤ በዳሩ የተራበ ሰው ቆሟል። በመኪናው መስኮት የሚያይ ሰውም አለ። የሲሪንቃ የዝናብ መጠን በዓመት በአማካይ 900 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው፤ ለንደን የሚዘንበው ወደ 600 ነው። ዝናቡ በጊዜው ባለመምጣቱ የሚያደርሰውን ጥፋት ገበሬው ያውቀዋል፤ ሰማዩን ብቻ መክሰስ ግን አይቻልም።

በመስኮት ያየውስ ሰው? ከእነሱ መካከል አይተው ዝም ያላሉ ነበሩ። በ1965 ዓ.ም. የዩኒቨርሲቲ መምህራን ወሎ ደርሰው ፎቶግራፍ ይዘው ተመልሰው አዲስ አበባ ላይ አሳይተዋል። የሚበልጠው መንገደኛ ግን አልፏል። ልበ ደንዳና ስለሆነ ነው ብዬ ለመፍረድ አልቸኩልም። በዚያው ዘመን፣ እ.አ.አ. በ1973፣ ዳርሊና ባትሰን የሚባሉ ሁለት አሜሪካውያን የሥነ ልቦና ሊቃውንት ስለ ደጉ ሳምራዊ ያደረጉትን ጥናት አሳትመዋል። የፕሪንስተን የነገረ መለኮት ተማሪዎችን ከአንድ ሕንፃ ወደ ሌላው ሄደው ንግግር እንዲያደርጉ ላኳቸው፤ ከፊሎቹ የሚናገሩት ስለዚያው ስለ ሳምራዊው ታሪክ ነበር። መንገድ ላይ አንድ ሰው ወድቆ ያቃስታል። ለሰዓቱ ገና ነው ከተባሉት ከመቶ 63ቱ ቆመው ሊረዱ ሞከሩ። ዘግይታችኋል፣ ፍጠኑ ከተባሉት ከመቶ 10 ብቻ። የሚናገሩት ስለ ምን እንደሆነ ያመጣው ይህ ነው የሚባል ልዩነት አልነበረም። ስለ ርኅራኄ ሊሰብክ የሚሮጠው ሰው የወደቀውን አልፎ ሄደ።

ይህን ሳስብ ሽርሽር በዓይኔ ከፍ አለ። ለካ ሥራ ፈት መንገደኛ ከሁሉም በላይ የማየት ዕድል ያለው ሰው ነው። ነጋዴው ይቸኩላል፤ ሹሙ ይቸኩላል፤ እርዳታ አከፋፋዩም ሪፖርት አለበት። እኔና ባለቤቴ ግን ቀጠሮ አልነበረንም። ታዲያ ያው ዕድል ሰበብ ያሳጣል። የቸኮለ ሰው “አላየሁም፣ መንገድ ላይ ነበርኩ” ሊል ይችላል። ለማየት ብሎ የወጣ ሰው እንዲህ ሊል አይችልም። ዕዳው ያለው እዚህ ላይ ይመስለኛል፤ በውበቱ ስለተደሰተ ዕዳ የለበትም፤ ግቡና እዩ ሲባል ግን ካስፋልቱ መውረድ አለበት። ከወረደ ደግሞ ተመልካችነቱ ያበቃል። እንግዳ ይሆናል። እንግዳን ባለ ቤቱ ይጠይቀዋል፤ ከየት ነህ፣ የማን ነህ፣ ምን ይዘህ መጣህ ይለዋል። ተመልካችን የሚጠይቀው የለም።

ሽማግሌው ጠይቀውናል። ከመለየታችን በፊት እሸት አስጠብሰው ካበሉን በኋላ ባለቤቴ ብር ልትሰጥ ብላ እጇን ወደ ቦርሳዋ ስትሰድ፣ “ተይ ልጄ፣ የቤት ነው” አሉና ወደኔ ዞረው፣ “አዲስ አበባ ማሽላ ኩንታሉ ስንት ገባ?” አሉኝ። ነጋዴ በአጨዳ ሰሞን መጥቶ በራሱ ዋጋ ይወስድባቸዋል፤ አልሸጥም እንዳይሉ ዕዳ አለ፤ ሳዑዲ ያለው ልጃቸው ሲሄድ የተበደሩት። እህል በረንዳ የሚሠራ ጓደኛ ነበረኝና እዚያው ማሳው ዳር ሆኜ ደወልኩለት። የነጩንም የቀዩንም ነገረኝ። ሽማግሌው ቁጥሮቹን ደጋግመው በቃላቸው ያዙ፤ ስልኬንም በልጅ አስጽፈው ወሰዱ። ባለቤቴ እስከ ዛሬ የምትለው ከዚያ ሁሉ ክርክሬ የሚበልጠው ያቺ የአንድ ደቂቃ ስልክ ናት ነው። እኔ ደግሞ አንድ ስልክ የነጋዴውን ጉልበት አይሰብርም እላለሁ። አልተስማማንም።

በነሐሴ 2013 ዓ.ም. ጦርነቱ ወልድያ ደረሰ፤ ሲሪንቃና መርሳም በዚያው ተያዙ። አካባቢው እስከ ታኅሣሥ 2014 ዓ.ም. በጦርነቱ ሥር ቆየ፤ የምርምር ማዕከሉም ጉዳት ደረሰበት። ስልክ አይሠራም ነበር። ከነሐሴ 2015 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ በክልሉ በተነሣው ሌላ ጦርነት ያ መንገድ ሲከፈት ሲዘጋ ከርሟል፤ የሚሄድበትም ሰው “እዚህ ይቁም” አይልም፣ ሹፌሩ እንዳያቆም ይጸልያል እንጂ። ሳይቸኩሉ መሄድ እንዴት ያለ ሀብት እንደነበር አሁን ነው የሚገባው።

በጥር 2014 ዓ.ም. ስልኩ ሲመለስ የደወሉት እሳቸው ናቸው። እኛን ደህና ናችሁ ወይ ብለው ጠየቁ፤ ባለቤቴን አገናኘኋቸው፤ አለቀሱ፣ ሳቁ። ማሽላው ተበልቷል፤ ለሚያዝያ የሚዘራም አልተረፈም። ከዚያ ያንኑ ጥያቄ ጠየቁኝ፤ አዲስ አበባ ማሽላ ኩንታሉ ስንት ገባ? በ2011 የጠየቁኝ ሊሸጡ ነበር፤ አሁን ሊገዙ ነው። እህል በረንዳ ደውዬ፣ የነጩንም የቀዩንም አጣርቼ ነገርኳቸው።